ዶሮን አያልባትም

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዶሮ ነው። ዶሮ ዘወትር ከእግራችን ሥር የምናያት እንስሳ ስለ ሆነች ሁላችንም የምናውቃት ይመስለናል። ነገር ግን በቆላ አገር የምትኖሩ በየዓመቱ በሙቀት ወራት የሚሆነውን አይታችኋል። ጠዋት ስትጭር የነበረች ዶሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ክንፏን ዘርግታ ወድቃ ትገኛለች። "ምን ነካት?" ሲባል አንዱ "ፈንግል ነው" ይላል። ሌላው "የሰው ዓይን ነው" ይላል። ሦስተኛው "እባብ ነድፏት ይሆናል" ይላል። "ሙቀት ነው የገደላት" የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው።

አንዲት እንቁላል የምትጥል ዶሮ ለቤታችሁ ምን እንደምታመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ከእርሷ እንቁላል ይገዛል። ይህም ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በእናቶች እጅ ያለ ገንዘብ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ዶሮ ከሞተ የወሩ ሳሙናና ደብተር አብሮ ሄደ ማለት ነው።

የምናገረው ስለ ቆላው ነው። ደጋ ያላችሁ አድማጮች ስለ ብርድና ስለ ዝናብ ብናገር ይበልጥ ትወዱ ነበር፤ ለዛሬ ግን ታገሡኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ አላት። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ናት። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ሁመራ ደግሞ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። በመተሐራና በድሬዳዋ በኩል በጣም የሚሞቀው በግንቦትና በሰኔ ነው። በመተማና በሁመራ በኩል ደግሞ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በእነዚህ ወራት ሙቀቱ ጥላ ውስጥ ሳይቀር ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ሁመራ ላይ 40 ዲግሪን የሚያልፍባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በቀትር ስትሠሩ ሰውነታችሁን የሚያቀዘቅዘው ምንድን ነው? ላብ ነው። ላብ ከቆዳችን ላይ ሲደርቅ ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል። ላብ ላይ ንፋስ ሲመጣ ቀዝቀዝ የሚለን ለዚህ ነው።

እንስራም እንደዚሁ ነው። አዲስ የሸክላ እንስራ ውኃ ስትሞሉበት ውጪው እርጥብ ይሆናል። "እንስራው አላበው" እንላለን። ውኃው በሸክላው ውስጥ ባሉት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች እየሾለከ ይወጣል፤ ከዚያም በንፋስ ይደርቃል። ሲደርቅ ውስጥ የቀረውን ውኃ ሙቀት ይወስዳል። ጀሪካን ውስጥ ያለው ውኃ ለብ ብሎ ሳለ የእንስራው ውኃ ጉሮሮ የሚያርስ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ጀሪካን አያልበውም።

ዶሮም እንደ ጀሪካኑ ናት። አያልባትም። በዚያ ላይ ላባ ለብሳለች። ሰውነቷም ከእኛ ይሞቃል። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። የጤነኛ ዶሮ ግን 41 ወይም 42 ዲግሪ ነው። እኛ 41 ዲግሪ ብንደርስ ቤተ ሰዎቻችን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውን ይሮጣሉ። እርሷ ዘወትር እዚያ ላይ ናት። ከዚያ ጥቂት ከፍ ብላ 46 ወይም 47 ዲግሪ ከደረሰች ትሞታለች። ስለዚህ ያላት ትርፍ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ታዲያ በምን ትቀዘቅዛለች? አፏን ከፍታ በፍጥነት ትተነፍሳለች፤ እንደ ውሻ ታለከልካለች። ከጉሮሮዋና ከሳንባዋ የሚወጣው እርጥብ ትንፋሽ ለእርሷ እንደ ላብ ነው። ክንፏን ከጎኗ ለቀቅ አድርጋ ላባ የሌለበትን የብብቷን ቆዳ ለንፋስ ትሰጣለች። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋና ከአገጯ ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋም ሙቀት ያስወጡላታል። ይኼው ነው መሣሪያዋ፤ ሌላ የላትም።

እዚህ ላይ ስለ አንገተ መላጣ ልንገራችሁ። አንገቷ ላይ ላባ የሌላትን የሐበሻ ዶሮ ታውቋት የለም እንዴ? አንዳንድ ሰው መልኳን አይወድም። በገበያም "ይቺ የታመመች ናት" እያለ የሚያልፋት አለ። አልታመመችም፤ አፈጣጠሯ ነው። አንገቷ ራቁቱን ስለ ሆነ ሙቀት ይወጣበታል፤ በሌላው ሰውነቷም ላባዋ ከሌሎቹ ያንሳል። ለቆላ አገር እኔ ብጠየቅ እርሷን ነው የምመርጠው። ወፈር ያሉት የፈረንጅ ዶሮዎች በእንቁላል ይበልጣሉ፤ ሙቀት ሲመጣ ግን ቀድመው የሚወድቁት እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ነገር ውኃ ነው። ስለ ውኃ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅር በሉኝ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንዳትረሱ እፈልጋለሁ።

ዶሮ ስታለከልክ የምታወጣው ውኃ ነው። ያወጣችውን መልሳ ካልጠጣች ማቀዝቀዣዋ ቆመ ማለት ነው። እንቁላል የምትጥል የፈረንጅ ዶሮ በቀዝቃዛ ቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች። በሙቀት ቀን ግን ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። የሐበሻዋ አነስ ስለምትል ትንሽ ይቀንስላታል። እስቲ አስሉት። 10 ዶሮ ያለው ሰው በቀን 5 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህ ማለት የ20 ሊትር ጀሪካን ሩብ ነው።

"ውኃ ከወንዝ ተሸክሜ አምጥቼ ለዶሮ?" የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ። ውኃ በቆላ ውድ ነው፤ የምትሸከመውም እናት ወይም ልጅ ናት። ቢሆንም የእቃ ማጠቢያ ውኃ፣ ሳሙና እስካልገባበት ድረስ፣ መሬቱን ለማራስ ይሆናል። የሚጠጡት ግን ንጹሕ ይሁን። አንዲት ዶሮ ገዝቶ ለመተካት የሚወጣውን ገንዘብ ከአንድ ጀሪካን ውኃ ጋር ብታመዛዝኑት ውኃው ይረክሳል።

ውኃው መኖሩ ብቻ አይበቃም። ዶሮ የሞቀ ውኃ አትወድም። ፀሐይ ላይ የዋለ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያለ ውኃ እጅ ያቃጥላል። ቀምሳው ትተወዋለች፤ ባለቤቷ ግን "ውኃ አላት" ብሎ ይተኛል። ስለዚህ የሸክላ ዕቃ ይሻላል። ከወገቡ የተሰበረ እንስራ አለመጣል ነው። የታችኛው ግማሽ ለትልልቅ ዶሮዎች ጥሩ ገንዳ ነው። እርሱን ጥላ ሥር፣ ንፋስ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ከመሬት ከፍ እንዲል ድንጋይ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ እየጫሩ አፈር ይሞሉበታል። ጫጩት ካለ ደግሞ ገብቶ እንዳይሰጥም መካከሉ ላይ ድንጋይ አኑሩ። በሙቀት ቀን ውኃውን ሦስት ጊዜ ቀይሩት፤ ጠዋት፣ 5 ሰዓት ላይና 9 ሰዓት ላይ። ዕቃውን ጠዋት ጠዋት በአሸዋ ፈትጋችሁ እጠቡት። ዕቃው አንድ ብቻ ከሆነ ኃይለኞቹ ይከለክላሉ፤ ደካሞቹ ይጠማሉ። ሁለት ቦታ ይሁን።

ለጫጩት የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ፈልጉ። ከአፉ አንድ ጣት ያህል ገባ ብላችሁ በምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱት። ሌላ ቀዳዳ አይኑረው። ጣሳውን ውኃ ሙሉት፤ በላዩ ጎድጎድ ያለ ሳሕን ክደኑበት፤ ከዚያ ሁለቱንም አጥብቃችሁ ይዛችሁ ገልብጡት። ውኃው በቀዳዳው እየወጣ ሳሕኑን ይሞላል። ቀዳዳው በውኃ ሲሸፈን መውጣቱን ያቆማል። ጫጩቶቹ ጠጥተው ውኃው ዝቅ ሲል እንደገና ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ የሳሕኑ ጠርዝ ከቀዳዳው ከፍ ማለት አለበት። አለዚያ ውኃው ሁሉ ይፈስሳል። ጣሳው ቆርቆሮ ስለ ሆነ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉበት፤ ይኸውላችሁ፣ ጣሳውም አላበው።

በውኃው ውስጥ በግምት ጨው የሚጨምር ሰው አለ። አታድርጉት። ጨው ለዶሮ ሲበዛ መርዝ ነው።

ወደ ምግቡ እንሂድ። ማንኛውም እንስሳ የበላውን ሲፈጭ ሆዱ ውስጥ ሙቀት ይፈጠራል። በ5 ሰዓት የበላች ዶሮ ያ ሙቀት የሚበረታባት በ8 እና በ9 ሰዓት ነው። የፀሐዩም ሙቀት የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ከውስጥም ከውጭም ተቃጠለች ማለት ነው። ስለዚህ ማልዳችሁ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እህል ስጧት። ከ4 ሰዓት በኋላ እህሉን አንሡ። ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ እንደገና ስጧት። ቀን ላይ የጎመን ቅጠል፣ የሐብሐብ ልጣጭ ወይም የሽፈራው ቅጠል ብትጥሉላት አይጎዳትም፤ ውኃ አለበት። በውኃ የታሸ ዱቄት ከሰጣችሁ ግን የተረፈውን ቶሎ አንሡ፤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ጥላና ንፋስም ያስፈልጋል። የግራር፣ የኒም ወይም የማንጎ ዛፍ ጥላ ካላችሁ ከማንኛውም ቤት ይበልጣል። ዛፍ ከሌለ አራት እንጨት ተክላችሁ በላዩ የማሽላ አገዳ ወይም አሮጌ ሰሌን አንጥፉ። ትንሽ ዳስ ማለት ነው። ጎኖቹን አትዝጉ። ከሥሩ ያለውን አፈር በቀትር ውኃ ረጨት አድርጉበት፤ ዶሮዎቹ ራሳቸው ጭረው ይተኙበታል።

ትልቁ ችግር ያለው ማደሪያው ላይ ነው። ሸለምጥማጥን ፈርተን ዶሮዎቻችንን በጠባብ ሣጥን ወይም በቆርቆሮ ቤት እንዘጋለን። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ሸለምጥማጥ አያዝንም። ነገር ግን የእያንዳንዷ ዶሮ ሰውነት እንደ ትንሽ ምድጃ ነው። አሥር ምድጃ በአንድ ሣጥን ውስጥ ዘግታችሁ አስቡት። ስለዚህ ግድግዳው ከወገብ በላይ ወንፊት ሽቦ ወይም ጠበቅ ጠበቅ ያለ የእንጨት ፍርግርግ ይሁን። ሸለምጥማጥ አይገባም፤ ንፋስ ግን ይገባል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሳር ወይም አገዳ አልብሱት፤ ይህ ካልተቻለ ኖራ ቀቡት። ነጭ ነገር ፀሐይን ይመልሳል። ቆጡን ከጣሪያው አርቁት፤ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጣሪያው ሥር ያለችው ዶሮ ናት ቀድማ የምትጎዳው። አዲስ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን። እንዲህ ከሆነ የጠዋትና የማታ ፀሐይ አጭሩን ጎን ብቻ ይመታል። ቤቱን ብዙ ጊዜ የሚሠራው አባወራው ነው፤ የዶሮዎቹን ጠባይ የምታውቀው ግን ሚስቱ ናት። ከመሥራቱ በፊት ቢጠይቃት ሁለት ጊዜ ከመሥራት ይድናል።

አንዲት ዶሮ ተዝለፍልፋ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? አንገቷን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ከሆነ ጊዜ የለም። ጥላ ሥር ውሰዷት። እግሮቿን ከእንስራ በተቀዳ ውኃ ውስጥ ንከሩ። አናቷን፣ ከአገጯ ሥርና ከክንፏ ሥር በእርጥብ ጨርቅ አብሱ። በሰፌድ አራግቡላት። ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ የመሰለ ውኃ አታፍስሱባት፤ በድንጋጤ ትሞታለች። አፏን ፈልቅቃችሁም ውኃ አትጋቷት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። መንቆሯን ጫፉን ብቻ አርጥቡላት፤ ነፍስ ስትዘራ ራሷ ትጠጣለች።

አሁን ወደ ፈንግል ልመለስ። ይህ የዛሬው ንግግር ከባዱ ክፍል ነው። ፈንግል በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከበጋው ማብቂያ እስከ ዝናቡ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። በቆላ ደግሞ ሙቀቱ የሚበረታውም ያኔ ነው። ሁለቱ ይደበላለቃሉ። በፈንግል የተያዘች ዶሮም አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ በሙቀት የተጨነቀችውም አፏን ትከፍታለች። ሰው ይህን አይቶ ይደነግጣል። "ፈንግል ገባ" ብሎ ጤነኞቹን ሁሉ በርካሽ ይሸጣል። ወይም ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ "ሙቀት ነው" ብሎ ዝም ሲል ፈንግሉ የእርሱንም የጎረቤቱንም ዶሮ ይፈጃል። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

እንዴት እንለያቸው? ማለዳ ተነሡና፣ በ12 ሰዓት፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ ዶሮዎቻችሁን እዩ። ሙቀት ብቻ ከሆነ ማለዳ አፋቸው ዝግ ነው፤ ይጭራሉ፤ ይበላሉ። የሚያለከልኩት ቀን ከ6 ሰዓት ወዲህ ነው። የሚሞቱትም ከሰዓት በኋላ ነው። በብዛት የሚሞቱት የወፈሩት፣ እንቁላል ታቅፈው ከጎጇቸው የማይነሡትና ከጣሪያ ሥር ያሉት ናቸው። ፈንግል ከሆነ ግን በማለዳው ብርድም ትንፋሻቸው ከባድ ነው፤ ያስነጥሳሉ፤ ኩሳቸው አረንጓዴና ውኃማ ይሆናል፤ አንገታቸው የሚጠመዘዝ፣ እግራቸው ወይም ክንፋቸው የሚሰንፍ አሉ። ሌሊትም ቀንም ይሞታሉ። በጎረቤትም ይሰማል።

ለፈንግል መድኃኒት የለም። ያለው ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። የሚከተቡት ጤነኛ ዶሮዎች ናቸው፤ ጊዜውም ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ክትባቱ ራሱ በሙቀት ስለሚበላሽ በኪስ ተይዞ በፀሐይ የሚዞር ነገር አይደለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያውን አነጋግሩ፤ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ በአንድ ማለዳ አስከትቡ። በሽታ በገባበት ቤት ያሉ ዶሮዎችን ወደ ገበያ አትውሰዱ። የሞተውን ውሻ እንዳያወጣው በጥልቀት ቅበሩ።

ስለ ገበያ ከተነሣ፣ ዶሮ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ ወይም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭና በቀትር ስትሄድ እናያለን። ቁልቁል ስትንጠለጠል መተንፈስ ይቸግራታል። መተንፈስ ደግሞ ላቧ ነው ብለናል። በማለዳ፣ ንፋስ በሚያስገባ ቅርጫት አድርጋችሁ ውሰዷት። ከቢሾፍቱ ወይም ከሌላ ወይና ደጋ ዶሮ ገዝታችሁ ወደ ቆላ ካመጣችሁ ደግሞ ሙቀቱን እስክትለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። በግንቦት ከማምጣት በኅዳር ማምጣት ይሻላል።

ስለ እንቁላል ባጭሩ። በሙቀት ወራት እንቁላሉ ቢያንስ፣ ቅርፊቱም ቢሳሳ አትገረሙ። ዶሮዋ ትንሽ ስለምትበላና ብዙ ስለምታለከልክ ነው። የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁ፣ ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ለብቻው በዕቃ አኑሩላት። እንቁላሉን በቀን ሁለት ጊዜ ሰብስቡ። ለማስታቀፍ ያሰባችሁትን እንቁላል ከእንስራው አጠገብ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ። ሞቃት ቦታ ከዋለ ሳይታቀፍ ጽንሱ ማደግ ይጀምርና መካከል ላይ ይሞታል። "ይቺ ዶሮ መፈልፈል አትችልም" እየተባለ የምትታማ ስንት ታቃፊ አለች!

በመጨረሻ ደብተራችሁን አውጡ። ፊደል ለይታችሁ፣ ቁጥር ተምራችሁ የለ? አንድ ገጽ ለዶሮዎቻችሁ ስጡ። ዶሮ ስትታመም ወይም ስትሞት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያያችሁትን ምልክት ጻፉ። ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል፦

ግንቦት 14። ከቀኑ 9 ሰዓት። ጎጆዋ ውስጥ። ቀይዋ ታቃፊ። አፏን ከፍታ ነበር። ማለዳ ደህና ነበረች።

ግንቦት 16። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። ቆጡ ላይ። ገብስማዋ። ማለዳ ደህና ነበረች።

ይህን ገጽ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ቢያየው ብዙ ሳይጠይቃችሁ ነገሩ ይገባዋል። እናንተም ሁለቱን መስመር ደግማችሁ ስታነቡ ቆጡን ዝቅ ለማድረግ ባለሙያ መጠበቅ አያሻችሁም።

በሚቀጥለው ንግግር ስለ ጫጩት አስተዳደግ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።